ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍና የ1977 ዓ.ም. ረኃብ

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



በአገራችን አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከጌታው ፊት ሲቆም ሁለት ሥራ እንደ ነበረው ታላላቆቻችን ነግረውናል። አንደኛው ማመስገን ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሰምና ወርቅ መውቀስ ነው። ሌላ ሰው ቢናገረው የሚያስቀጣውን ነገር አዝማሪው በዜማ ለውሶ ሲያወጣው ጌታው እየሳቀ ይሰማው፣ አንዳንድ ጊዜም ይሸልመው ነበር። የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የፈረንጅ አገር ባለ ጊታር ነው። ይህ ሰው ቅኔ አያውቅም። ንግግሩ ሻካራ ነው፤ ጠጉሩን ማበጠር የማይወድ፣ በጨዋ ጉባኤ መካከል የማይባል ቃል የሚያመልጠው ሰው ነው። ነገር ግን ጠቅላይ ሚኒስትሮች ቆመው እንዲሰሙት ማድረግ ችሏል። ስሙም ከእኛ መከራ ጋራ ተያይዞ በዓለም ስለ ተሰማ፣ እርሱን ማመስገኑንም ሆነ መውቀሱን ለሌሎች ብቻ ትተን ዝም ልንል አይገባንም። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በእኛው አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ቦብ ጌልዶፍ በ1944 ዓ.ም. በአየርላንድ፣ ከደብሊን ከተማ አጠገብ በምትገኘው ደን ሊሪ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞታበታለች። ካደገ በኋላ ወደ ካናዳ ተሻግሮ በቫንኩቨር ከተማ ስለ ሙዚቃ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሆኖ ሠራ። ወደ አገሩ ሲመለስም ከጓደኞቹ ጋራ ቡምታውን ራትስ የተባለ የሙዚቃ ጓድ አቋቋመ። ሙዚቃቸው በኤሌክትሪክ ጊታርና በብርቱ ከበሮ የሚመታው ሮክ የሚባለው ዓይነት ነው። በ1971 ዓ.ም. ብቻ ሁለት ዘፈኖቻቸው በእንግሊዝ አገር የሸክላ ገበያ አንደኛ ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ግን የወጣቱ ጆሮ ወደ ሌላ ዞረ። የ1977 ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ ጌልዶፍ ስሙ የታወቀ፣ ገበያው ግን የቀዘቀዘበት ዘፋኝ ነበር። ይህን የምናገረው ለማቃለል ብዬ አይደለም። ያን ያህል ነገር ያንቀሳቀሰው ሰው በወቅቱ ከእርሱ የበለጠ ዝና ያላቸው ብዙ ዘፋኞች በነበሩበት ጊዜ መነሣቱን ለማስታወስ ያህል ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በኮረም መጠለያ የተነሣውን ፊልም አሳየ። ዘገባውን ያቀረበው ማይክል ቡርክ የተባለ ጋዜጠኛ ሲሆን ፊልሙን ያነሣው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። ስለዚህ ሰው ጥቂት ልበል፤ ስለ ጌልዶፍ ሲነገር የእርሱ ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላልና። መሐመድ አሚን በ1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጥቷል። በዚህም ሥራውን አልተወም፤ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ካሜራውን ደግሞ አነሣ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ግን ተጠልፎ በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ በባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ተሳፍሮ ነበርና ከሞቱት አንዱ ሆነ። የኮረምን ሕዝብ መከራ ለዓለም ያሳየው ዓይን የእርሱ ነው። ዘፈኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓለም ስለ ምን እስከዚያ ቀን ድረስ አልሰማም? የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. ውስጥ ለለጋሽ መንግሥታት የእርዳታ ጥሪ አቅርቦ ነበር፤ ለጋሾቹ ግን ጆሮ አልሰጡም። በአገር ውስጥ ደግሞ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የፓርቲውን ምሥረታ ለማክበር ይሰናዳ ስለ ነበር፣ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ይከለከሉ ነበር። አስቡት፤ በ1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ የወሎን ረኃብ በፊልም ባሳየ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ረኃቡን ደበቀ ተብሎ ተከሰሰ። ይህን ክስ ይዞ ሥልጣን ላይ የወጣው ደርግ ነው፤ 10 ዓመት ሳይሞላው እርሱም በዚያው መንገድ ሄደ።

ፊልሙ በታየ ጊዜ ጌልዶፍ ከቤቱ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ሚጅ ዩር ለሚባለው ዘፋኝ ጓደኛው ስልክ ደወለ፤ ሁለቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ዘፈን አሰናዱ። ከዚያም ጌልዶፍ በጊዜው ስም ያላቸውን ዘፋኞች በስልክ እየጠራ፣ አንዳንዱን እየለመነ፣ አንዳንዱንም እያሳፈረ ሰበሰባቸው። ኅዳር 16 ቀን፣ ዕለቱ እሑድ ነው፣ በለንደን ኖቲንግ ሂል በሚባለው ሰፈር ባለው የድምፅ መቅጃ ቤት ተገናኙ። ስቲንግ፣ ጆርጅ ማይክል፣ ቦኖ፣ ፊል ኮሊንስና ሌሎችም መጡ። ቦይ ጆርጅ የተባለው ዘፋኝ ከኒው ዮርክ በኮንኮርድ አውሮፕላን በርሮ ዘግይቶ ደረሰ። የመቅጃው ቤት ባለቤት ስፍራውን ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት በነፃ ሰጣቸው። ለማኅበራቸው ያወጡለት ስም ባንድ ኤይድ የሚል ነው። ቃሉ በአንድ በኩል የሙዚቃ ጓድ እርዳታ ማለት ሲሆን፣ በሌላ በኩል ደግሞ በትንሽ ቁስል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ስም ነው። ለካ እነርሱም ሰምና ወርቅ ያውቃሉ! በትልቅ ቁስል ላይ ትንሽ ፕላስተር መለጠፋቸውን ራሳቸው በስሙ ተናዘዋል።

ጌልዶፍ ከዘፈኑ ሽያጭ ይገኛል ብሎ የገመተው 70 ሺህ ፓውንድ ያህል ነበር። የተገኘው ግን 8 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሆነ። በእንግሊዝ አገር ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሸክላ ተሽጦ ለ5 ሳምንት ያህል አንደኛ ሆኖ ቆየ። እዚህ ላይ የፖለቲካው ነገር ጀመረ። የእንግሊዝ መንግሥት በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ የሽያጭ ቀረጥ ይቀበል ስለ ነበር ጌልዶፍ ለተራበ ሰው በተሰጠ ገንዘብ ላይ ቀረጥ መጣል ነውር ነው ብሎ በአደባባይ ጮኸ። የጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር መንግሥት መጀመሪያ እንቢ አለ። ኋላ ግን የሕዝቡን ቁጣ አይቶ ከቀረጡ ጋራ የሚተካከል ገንዘብ ለእርዳታው መለሰ። በኋላም ጌልዶፍ ከወይዘሮ ታቸር ጋራ ፊት ለፊት በተገናኘ ጊዜ በአውሮፓ መጋዘኖች ተከምሮ ስለሚበላሸው ቅቤ አንሥቶ ተከራከራቸው። ድምፁን ለምርጫ ያልሰጠ፣ ማንም ያልመረጠው ዘፋኝ ከመንግሥት ጋራ ተከራክሮ መርታቱ ለብዙ ወጣቶች አዲስ ትምህርት ሆነላቸው።

ስለ ዘፈኑ ርእስ ግን የግሌን አስተያየት ሳልናገር አላልፍም። ርእሱ፣ በአማርኛ ሲመለስ፣ ገና መሆኑን ያውቃሉን የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው የተጠየቀው ስለ ማን ነው? በአራተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ኢዛና ዘመን ክርስትናን ስለ ተቀበለ አገር ሕዝብ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ ቀሳውስቱ በቤተ ማርያም ቅጥር ላይና ከቅጥሩ ሥር ቆመው ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከተራቡትም መካከል እስላሙ ብዙ ነበር፤ እርሱ ስለ ፈረንጅ ገና ቢጠየቅ ምን ይመልስ? ጸሐፊዎቹ በክፋት አላደረጉትም፤ ለራሳቸው ሕዝብ በራሳቸው በዓል ሰሞን ማዘናቸው ነው። ነገር ግን የአንድን ሕዝብ መከራ የሚዘፍን ሰው ስለዚያ ሕዝብ ማንነት ሳይጠይቅ ቢጀምር፣ ከእርዳታው ጋራ አለማወቁንም ለዓለም ያድላል።

በአሜሪካም ሃሪ ቤላፎንቴ የተባለው እውቅ ዘፋኝ ነገሩን አንሥቶ ማይክል ጃክሰንና ላይኔል ሪቺ ሌላ ዘፈን ደረሱ። ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሌሊት በሎስ አንጀለስ ሲቀረጽ፣ ጌልዶፍ ከኢትዮጵያ ጕዞው የተመለሰ በዚያው ሰሞን ነበርና ያየውን ለተሰበሰቡት ዘፋኞች ነገራቸው። በዚያ ጕዞው በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከማዘር ቴሬሳ ጋራ ተገናኝቷል። አንዲት መነኵሲትና አንድ ሻካራ ዘፋኝ በአንድ ጉዳይ መገናኘታቸው የሚያስደንቅ ነው።

የነገሩ ጫፍ የደረሰው ግን ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ቅዳሜ ነው። ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት በአንድ ቀን በሁለት ከተማ ተደረገ። አንዱ በለንደን ዌምብሊ ስታዲየም፣ ሌላው በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ነው። በለንደን የተጀመረው በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ሁለቱ ተያይዘው 16 ሰዓት ያህል ፈጁ። በዌምብሊ ብቻ 72 ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቧል። በሳተላይት አማካይነት ከ100 በሚበልጡ አገሮች ታየ፤ የተመለከተውም ሰው ከአንድ ቢሊዮን እንደሚበልጥ ይገመታል። ፊል ኮሊንስ በለንደን ዘፍኖ፣ በኮንኮርድ ውቅያኖሱን ተሻግሮ፣ በዚያው ቀን በፊላደልፊያ ደግሞ ዘፈነ። ክዊን የተባለው ጓድ ፍሬዲ ሜርኩሪን አስቀድሞ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ቆሞ ያን ሁሉ ሕዝብ እንደ አንድ ሰው ሲያስጨበጭብ የታየበት ፊልም እስከ ዛሬ ይታያል።

ነገር ግን ገንዘቡን ያመጣው ዘፈኑ ብቻ አይደለም። ዴቪድ ቦዊ ከተመደበለት ጊዜ ላይ አንድ ዘፈን አስቀርቶ በምትኩ የካናዳ ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ያነሣውን የረኃብ ፊልም አሳየ። ያን ጊዜ የሚደወለው ስልክ በዛ። ጌልዶፍም ገንዘቡ እንዳሰበው ባለመምጣቱ ተናዶ በቴሌቪዥን ፊት ጠረጴዛ እየደበደበ፣ እኔ እዚህ ልደግመው የማልችለውን ቃል ጨምሮ፣ ሰዉን አምጡ አለው። በእኛ አገር ለምጽዋት እንዲህ የሚጮኽ ሰው የለም፤ ለምነን ነው የምንቀበለው። እርሱ ግን እንደ ባለ ዕዳ ጠየቃቸው፤ ሰጡትም። በጠቅላላ የተሰበሰበው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ገንዘብ መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ እህሉን ከወደብ ወደ ተራበው ሰው አፍ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ከዚህ ቀደም በ1963 ዓ.ም. ጆርጅ ሃሪሰንና ራቪ ሻንካር ለባንግላዴሽ ስደተኞች በኒው ዮርክ ትርኢት አድርገው የተገኘው ገንዘብ በቀረጥ ክርክር ምክንያት ለብዙ ዓመታት ታግዶ ቀርቶ ነበር። የባንድ ኤይድ ሰዎች ይህ እንዳይደርስባቸው የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው መርከብ ተከራዩ፤ የማጓጓዣ ዋጋ በሱዳን በኩል ከልክ በላይ በተጠየቀባቸው ጊዜም የራሳቸውን የጭነት መኪናዎች ገዙ። ስለ ጊታር ብቻ ያውቃል የተባለው ሰው ስለ ጎማ፣ ስለ ናፍጣና ስለ መጋዘን መከራከር ጀመረ። በእኔ ግምት የጌልዶፍ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ፎቶግራፍ ያልተነሣለትም ክፍል ይኸው ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንድረስ። ዘፈኑም ትርኢቱም ረኃቡን እንደ ዝናብ መጥፋት ብቻ አድርገው ነበር የተረኩት። ድርቅ ነበር፤ እርግጥ ነው። ነገር ግን በትግራይና በኤርትራ ጦርነት ነበር፤ ገበሬውም እህሉን በተወሰነ ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ ከጦርነቱ የተነሣም እህልና ሰው እንደ ልብ አይዘዋወሩም ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን የሞተው ሰው ቢያንስ 400 ሺህ እንደሚሆን ይገምታሉ፤ ከዚያ በላይ የሚያደርሱትም አሉ። ይህን ሁሉ ሰው የፈጀው ሰማይ ብቻ አልነበረም። መንግሥትም በዚያው ጊዜ 600 ሺህ ያህል ሰው ከሰሜን እያነሣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ አሰፈረ፤ ብዙው ያለ ፈቃዱ ነው፤ በመንገድና በሰፈራ ጣቢያ የሞተውም ብዙ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር የፈረንሳይ ክፍል ይህን በመቃወሙ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ጌልዶፍ ግን ሕይወት የሚተርፍ ከሆነ ከማንም መንግሥት ጋራ እነጋገራለሁ የሚል ነበር። እርዳታው በመንግሥት በኩልም፣ በሱዳን በኩል አማፅያኑ ወደ ያዙት አገርም ይሄድ ነበር። ማን ልክ ነበር? የሐኪሞቹ ጩኸት እውነት ነው፤ ጌልዶፍም እንደ እነርሱ ተባርሮ ቢሄድ ኖሮ እህሉን የሚጠብቀው ሰው ምን ይሆን ነበር? እኔ ይህን ጥያቄ ከአንድ ጊዜ በላይ አውጥቼ አውርጄዋለሁ፤ ሐኪሞቹን መውቀስ አልቻልሁም፤ ዘፋኙንም ለመውቀስ አፌ አይደፍርም።

በ2002 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሬዲዮ ቢቢሲ፣ በዚያ ዘመን ወደ አማፅያን ይዞታ ከሄደው እርዳታ ብዙው ለጦር መሣሪያ መግዣ ዋለ የሚል ዘገባ አሰምቶ ነበር። ጌልዶፍ ተቆጥቶ ክስ አቀረበ። ቢቢሲም ነገሩን መርምሮ የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለዚያ መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ የለም ሲል በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ።

የላይቭ ኤይድ መንፈስ በሙዚቀኞች ዘንድ ብዙ ነገር ወልዷል። በዚያው ቀን ቦብ ዲላን በመድረክ ላይ ስለ አሜሪካ ባለ ዕዳ ገበሬዎች የጣለው ቃል ፋርም ኤይድ ለተባለው ትርኢት ምክንያት ሆነ። ሰኔ 4 ቀን 1980 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በዌምብሊ ስታዲየም ገና በእስር ቤት ለነበሩት ለኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ዓመት ልደት ታላቅ ትርኢት ተደርጎ በብዙ አገሮች በቴሌቪዥን ታየ። ጌልዶፍን ራሱን በተመለከተ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጓዱ በ1978 ዓ.ም. ተበተነ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንግሥት የክብር ኒሻን ሸለሙት። ከዚያ በኋላ በደረሰበት ሁሉ የሚጠየቀው ስለ አፍሪካ እንጂ ስለ ዜማው አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ አስተሳሰቡ ተለወጠ። የዕዳ ስረዛ ተሟጋቾች፣ በላይቭ ኤይድ የተሰበሰበውን ያህል ገንዘብ አፍሪካ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለዕዳ ትከፍላለች እያሉ ያሳስቡ ነበር። ጌልዶፍም ከምጽዋት ወደ ሕግ፣ ከስልክ ልመና ወደ ሚኒስትሮች ጠረጴዛ ተሻገረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ባቋቋሙት የአፍሪካ ኮሚሽን ውስጥ አባል ሆነ፤ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። ኮሚሽኑ በ1997 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአዲስ አበባ ተሰብስቧል። ከ20 ዓመት በፊት የተራበ ሕዝብ ለማየት ወደዚህች ከተማ የመጣው ዘፋኝ፣ አሁን ስለ ዕዳና ስለ ንግድ ለመምከር ተመልሶ ከአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋራ በአንድ ጉባኤ ተቀመጠ።

ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ላይቭ ኤይት የተባለውን ትርኢት በለንደን ሃይድ ፓርክና በሌሎች ከተሞች አስነሣ። በዚህ ጊዜ ገንዘብ አልለመነም፤ የ8ቱ ባለጸጋ አገሮች መሪዎች በስኮትላንድ በግሌንኢግልስ ሲሰበሰቡ እንዲሰሙት ነው። ኢትዮጵያ ያለችባቸው 18 አገሮች 40 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ዕዳ እንዲሰረዝላቸው ተወሰነ። ይሁንና የገንዘብ ሚኒስትሮቹ በዕዳው ነገር የተስማሙት ትርኢቱ ከመደረጉ 3 ሳምንት ቀድሞ ስለ ሆነ፣ ምስጋናውን ሁሉ ለዘፋኞቹ መስጠት ትክክል አይደለም፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ለዓመታት የደከሙ ስም የሌላቸው ሰዎች አሉ። ጌልዶፍ ለመሪዎቹ እንደ አስተማሪ ማርክ ሰጠ፤ ለእርዳታው 10 ከ10፣ ለዕዳው 8 ከ10። ማርኩ በዝቷል ብለው የነቀፉት ብዙዎች ነበሩ፤ ቃል የተገባውም እርዳታ በጊዜው ሙሉ በሙሉ ስላልተፈጸመ ነቃፊዎቹ አልተሳሳቱም። ደግሞም ስለ አፍሪካ በተደረገው በዚያ ትርኢት አፍሪካውያን ዘፋኞች በዋናው መድረክ ላይ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ለእነርሱ ራቅ ብሎ በኮርንዎል የተለየ መድረክ ተዘጋጀላቸው። ሠርጉ የልጁ ሆኖ ልጁ በጓሮ እንዲበላ እንደ ማድረግ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ያ ዘፈን ለኢቦላ በሽታ እርዳታ እንደ ገና ሲቀረጽ ፊዩዝ ኦዲጂ የተባለው ትውልደ ጋናዊ ዘፋኝ ቢጋበዝም አልሄድም አለ። ምክንያቱም አፍሪካን ሁልጊዜ በበሽታና በረኃብ ብቻ ማሳየት ይጎዳታል የሚል ነው። ጌልዶፍ ደግሞ ዘፈኑ ሕይወት አድኗል ብሎ ይሟገታል። እኔ ከዚያ ረኃብ በኋላ የተወለድሁ ነኝ፤ ሆኖም ወደ ውጭ አገር የወጣ የዘመኔ ሰው ኢትዮጵያዊ ነኝ ባለ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ረኃብ መሆኑን ከብዙዎች ሰምቻለሁ። ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም። ምናልባትም አባቱ በሐምሌ 6 ቀን ስልክ ደውሎ ገንዘብ የሰጠ ነው።

አንድ ነገር ግን በዘፈኖቹ ውስጥ ጨርሶ የለም። እህሉን ከአሰብ ወደብ በተሰባበረ መንገድ የነዱት ሹፌሮች፣ በኮረም ሌሊቱን ሙሉ ወተት ሲበጠብጡ ያደሩት ነርሶች፣ ሬሳ አጥበው የገነዙት ሽማግሌዎች አልተዘፈነላቸውም። በ1977 ዓ.ም. በኮረም፣ በመቀሌ፣ በባቲ ወይም በሌላ መጠለያ የሠራችሁ፣ ወይም በመጠለያው የተረፋችሁ አድማጮች ካላችሁ፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ በዚህ ጣቢያ አድራሻ ብትልኩልን፣ እንደ አመቺነቱ በሚመጡት ሳምንታት በዚሁ ሰዓት አነበዋለሁ። ስማችሁ እንዲጠራ የማትፈልጉ እንደ ሆነም በደብዳቤው ላይ አመልክቱ።

ደኅና አምሹ።